የግል ኪስና የሕዝብ ሣጥን

በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ከአያት እስከ ሰሚት ባለው ሰፈር፣ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ጥቂት ሲያርፉ ጨዋታቸው ብዙ ጊዜ ወደ አገር አስተዳደር ያዘነብላል። በዚያን ጊዜ የመልካም መሪን ጠባይ መዘርዘር የሚያስቸግረው ሰው አይገኝም። አንዱ እውነተኛ ይሁን ይላል፤ ሁለተኛው የተማረ ይሁን ይላል፤ ሦስተኛው ጉቦ የማይቀበል፣ አራተኛው የድኻውን አቤቱታ ሳይሰለች የሚሰማ ይሁን ይላል። ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ የሚፈለገው ሰው ከሰው ወገን መሆኑ እንኳ ማጠራጠር ይጀምራል። ይህ ሰው ከወዴት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። መልካም መሪ ኤልሲ ተከፍቶለት፣ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት የሚገባ ሸቀጥ አይደለም። የሚወጣው መራጮቹ ከወጡበት ቤት፣ ከተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ከሚነግዱበት ሱቅ ነው። ነጋዴው በመሪ ላይ ሊያየው የሚመኘው ጠባይ በገዛ ሱቁ ውስጥ የማይገኝ እንደ ሆነ፣ አባቶች «የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች» ያሉት ተረት በእርሱ ላይ ይፈጸማል።

ከሚዘረዘሩት ጠባዮች ሁሉ አንዱ ከሌሎቹ ይቀድማል፤ ይኸውም የራስን ገንዘብ ከሕዝብ ገንዘብ ለይቶ የመያዝ ልማድ ነው። ልማድ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ንግግር ማሳመር በጥቂት ወራት ይለመዳል፤ የሕግ አንቀጽም ተጠንቶ ይያዛል፤ የሰውን ገንዘብ ሳይነኩ ማሳደር ግን ሹመት ከመምጣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ በትንሽ ነገር ላይ ተደጋግሞ የሚተከል ነው። በሠላሳ ዓመቱ የዕቁቡን ገንዘብ ከቤቱ ወጪ ጋር ሲያደባልቅ የኖረ ሰው፣ በሃምሳ ዓመቱ ባለ ሥልጣን በሆነ ማግስት መለየት ይጀምራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ይህን ነገር በኢትዮጵያ ቀድመው አጥርተው ከጻፉት ሰዎች አንዱ፣ ራሳቸው የነጋዴዎች አለቃ የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ነው። አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት በመተማ ጦርነት በ1881 ዓ.ም. ሞቱ። ገብረ ሕይወት ገና በልጅነታቸው በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም፣ እንደሚነገረው፣ ወደ አውሮፓ በሚሄድ መርከብ ተደብቀው ተሳፈሩ። አንድ ባለጸጋ የኦስትርያ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ በጀርመን አገርም ሕክምና ተማሩ ይባላል። ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ብዙ ሰው የሚወደው ዓይነት ታሪክ ነው፤ አባት የሌለው ልጅ ባሕር ተሻግሮ ተምሮ ተመለሰ የሚል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግረው የተማሩት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። ገብረ ሕይወትን ከብዙዎች የሚለያቸው በተማሩት ትምህርት ያደረጉት ነገር ነው። ሕክምና ተማሩ የተባሉት ሰው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ አገር የሚበለጽግበትንና የሚደኸይበትን ምክንያት ለመመርመር ተነሡ። የአድዋ ተወላጅ ሆነው፣ ልጅነታቸውንም በባዕድ ቋንቋ አሳልፈው ሳሉ፣ ያሰቡትን የአገሩ ሹም ሁሉ ሊያነበው በሚችል ግልጽ አማርኛ ጻፉት። ራስን ማሻሻል ከተባለ ይህ ነው። ዛሬ በየአዳራሹ ገንዘብ እየተከፈለበት የሚሰጠው «ራስህን ለውጥ» የሚል ስብከት ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ሰውዬው ሀብታም መስሎ እንዲታይ በማድረግ ነው፤ የገብረ ሕይወት ትምህርት ግን ለሌላው ሰው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበረ።

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው የመጀመሪያ ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. በአስመራ «ብርሃን ይሁን» በሚባል ጥራዝ ውስጥ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ለአዲሱ መንግሥት ካቀረቧቸው ምክሮች መካከል ሕግ ተጽፎ እንዲታወቅ፣ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ ግብር በዓይነትና በጉልበት መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሰውም በሃይማኖቱ እንዳይጨቈን የሚሉት ይገኛሉ። ለነጋዴ አንባቢ ከሁሉ የሚልቀው ግን የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ ያሉት ነው። ይህ ቃል ዛሬ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። በተጻፈበት ዘመን ግን የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤትና የአገሩ ግምጃ ቤት አንድ ነበሩ፤ የግብሩ እህል የሚገባበት ጐተራም የግብር ሲበላ የሚቀዳበት ጐተራ ነበረ። ንጉሡ ቸር እንደ ሆኑ አገሩ ይጠግባል፤ ንጉሡ ሲታመሙ ሒሳቡም አብሮ ይታመማል። ገብረ ሕይወት ያዩት ይህን ነው። የዐፄ ምኒልክን መልካም ልብ አልካዱም፤ መልካም ልብ ግን መዝገብን ሊተካ እንደማይችል ተረዱ።

ኋላም መንግሥት በሥራ ላይ አዋላቸው፤ በመጀመሪያ የምድር ባቡር ተቈጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስነት ምን እንደ ነበረ ለዛሬው ወጣት ነጋዴ መግለጽ ያስፈልጋል። ስሙ እንደሚያመለክተው የነጋዴዎች ራስ፣ ማለት አለቃ፣ ነው። ሥራው ግን ከስሙ ይሰፋል። ነጋድራስ ቀረጥ ይቀበላል፤ ነጋዴና ነጋዴ ሲጣላም ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል። በአንድ እጁ ሚዛን፣ በሌላው እጁ ሣጥን ይዞ የሚቀመጥ ሹም ነበረ ማለት ነው። ወንበሩ ወደ ከፍተኛው ሥልጣን የሚያደርስ መሰላልም ነበረ፤ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ከባሕር የሚመጣው ሸቀጥና ወደ ባሕር የሚወርደው ቡና በዚያች ከተማ በር ያልፍ ነበር። በዚያ በር የሚቀመጥ ሰው ሊፈተን የሚችለውን ያኽል የሚፈተን ሹም ጥቂት ነው።

በሕዝቡ አፍ የሚመላለስ አንድ ተረት አለ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ይላል። ሰው ይህን ተረት እየሳቀ ይናገረዋል። ሲመረመር ግን የሚያስቅ አይደለም፤ የተሟላ የሒሳብ አሠራር ነው። ሹመት የመኸር ወራት ነው፣ ወራቱ አጭር ነው፣ የሚታጨደውም የአጫጁ ነው ማለቱ ነው። ይህ አሳብ በሹሙ ራስ ላይ ብቻ ቢኖር መድኀኒቱ ሹሙን መሻር በሆነ ነበር። ተረቱን የሚያስተምረው ግን ራሱ ሕዝቡ ነው። ከሥልጣን ንጹሕ ሆኖ የወረደውን ሰው ጎረቤቶቹ «ሞኝ» ይሉታል፤ ፎቅ ሠርቶ የወረደውን ደግሞ ለሠርጋቸው የክብር እንግዳ አድርገው ይጠሩታል። መሪ የሚበላሸው ከላይ ወደ ታች ብቻ አይደለም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው አረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው የታተመው ከዕረፍታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ላኪና አስመጪ ይህን መጽሐፍ ሊያነበው ይገባል፤ ስለ እርሱ ሥራ የተጻፈ ነውና። የመጽሐፉ ዋና አሳብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ የአገር ሀብት መሠረቱ ዕውቀትና ሥራ ነው፤ ያልተማረ ሕዝብ ከተማረ ሕዝብ ጋር ሲነግድ፣ ብዙ ድካም የፈሰሰበትን ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ ጥቂት ድካም የፈሰሰበትን የፋብሪካ ዕቃ ይቀበላል፤ ስለዚህ ሲለዋወጥ እየኖረ ይደኸያል። ቆዳውን ሸጦ ጫማውን የሚገዛ አገር ነጋዴ ይህን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በእርሳቸው አስተያየት የአንድ ሰው ዕውቀት ማደግ ለሰውዬው ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የአገር መነገጃ ገንዘብ ነበረ። የማይማር መሪ የማይታደስ ሱቅ ማለት ነው፤ ዕቃው አርጅቶ ሳለ ዋጋው ግን አይቀንስም።

እንግዲህ መሪ ሁሉ አውሮፓ ሄዶ መማር አለበት ወይ የሚል ሰው ቢነሣ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ መልስ ይሆኑታል። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡት እኒህ ሰው፣ የትምህርት ቤት ወንበር ሳያውቁ፣ በማድመጥና በማስተዋል ብቻ ራሳቸውን አሳድገው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ስለ ፍርድ ዐዋቂነታቸው የሚነገረው ብዙ ነው፤ «አባ መላ» መባላቸውም ስለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ በእርሳቸውም ዘንድ የግሉና የመንግሥቱ ድንበር አልተለየም ነበር። ሰፊው ርስትና ብዙው ሠራዊት ከስማቸው ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፣ በ1919 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ የኀይል ሚዛን ወደ ራስ ተፈሪ አዘነበለ። ብልህ ሰው ነበሩ፤ የጐደለው ግን ብልሃት አልነበረም። ከሰውዬው በኋላ የሚቆይ መዝገብ ነበረ የጐደለው።

ከታሪክ ወደ ሰፈር ሲመለሱ የለሚ ኩራ ሁኔታ ይህን ጉዳይ አንገብጋቢ ያደርገዋል። ክፍለ ከተማው ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ አሥራ አንደኛ ሆኖ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. ነው። በአያት፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በቦሌ አራብሳ ከሚኖረው ሰው እጅግ የሚበዛው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት፣ ወይም ከመካከለኛው ከተማ ተነሥቶ የመጣ ነው። በአሮጌው ሰፈር ሰው የጎረቤቱን አባትና አያት ጠባይ ሳይቀር ያውቅ ነበር። በአዲሱ ሰፈር ግን ጎረቤት የሚታወቀው በቤት ቍጥር ነው። ስለዚህ የሕንጻው ኮሚቴ፣ የዕድሩ ዳኛ ወይም የገበያው ተወካይ ሲመረጥ መራጩ የሚያየው የቃሉን ቅልጥፍና፣ ልብሱንና መኪናውን ነው። የሚመረጠው ሰው የሚይዘው የውሃ ፓምፕ ማሠሪያና የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ቢሆንም፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ወረዳና ወደ ከተማ ምክር ቤት የሚያልፈው ያው ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው መመርመር የሚቻለው የቀድሞ መዝገቡን በማየት ነው። ሰውዬው የዕቁብ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ሆኖ ያውቃል ወይ? ዕጣው በወጣ ቀን ገንዘቡ ለባለ ዕጣው በዚያው ዕለት ደረሰ ወይስ «ነገ ና» ተባለ? ዕቁብ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ከባንክ በፊት የነበረ ባንኩ ነው፤ ለመሪነትም ከምርጫ ሣጥን በፊት የነበረ ፈተናው ነው። የሰው ገንዘብ በቤቱ አሳድሮ ጠዋት ያለ ጉድለት ያስረከበ ሰው በሺሕ አንደበት ከሚቀርብ ቅስቀሳ የበለጠ ምስክር አለው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለመራጩ ለራሱ ነው፤ እርሱም ከባዱ ጥያቄ ነው። በብዙ ሱቆች የገንዘብ መሳቢያው አንድ ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዘመድ ሠርግ ስጦታ፣ የሱቅ ኪራይና የቀረጥ ገንዘብ ሁሉም ከዚያው ይወጣል። አንድ ነጋዴ በ400,000 ብር የገዛውን ዕቃ በ520,000 ብር ሸጠ እንበል። ለኪራይና ለሠራተኛ 60,000 ብር ከፈለ። በዚያው ጊዜ ለቤቱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ የወሰደው 90,000 ብር ደረሰ። ይህ ሰው መሳቢያው ሳይጐድል ስለ ዋለ አተረፍሁ ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ትርፉ 60,000 ብር ብቻ ስለ ሆነ ከዋናው 30,000 ብር በልቷል። ማንም አልሰረቀውም፤ ራሱን ሳያውቅ ራሱን አስተዳደረ፣ ያ ብቻ ነው። አገር የሚጐዳውም ብዙ ጊዜ እንዲህ፣ ያለ ጩኸት፣ ጥቂት ጥቂት እየተወሰደ ነው።

ሕጉ ይህን ልዩነት ከነጋዴው መጠየቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ግዴታውን አጽንቶ፣ በዚያው ላይ አንድ ሰው ብቻውን ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁም እንዲችል ፈቅዷል። የዚህ ፈቃድ ትርጕም በጥሞና ሲታሰብ የሚደንቅ ነው። ባለቤቱ አንድ፣ ሠራተኛውም ምናልባት አንድ፣ ቁልፉም በአንድ ኪስ ሆኖ ሳለ፣ የማኅበሩ ገንዘብ የባለቤቱ ገንዘብ አይደለም ይላል ሕጉ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከንጉሠ ነገሥት የጠየቁት መለየት አሁን ከአንድ ባለ ሱቅ ይጠየቃል ማለት ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ቅርብ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ መጠኑ 15 በመቶ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ይህን መጠን አልለወጠም። ተመዝጋቢው ነጋዴ ዋጋው 10,000 ብር የሆነ ዕቃ ሲሸጥ ከገዢው 11,500 ብር ይቀበላል። ያች 1,500 ብር ለአንድም ቀን የእርሱ ሆና አታውቅም፤ በግዢው ጊዜ የከፈለውን አቀናንሶ ቀሪውን እስኪያስረክብ ድረስ አደራ ናት። ስለዚህ በአያት አደባባይ አጠገብ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ሁሉ፣ ስሙን ባይሰማውም፣ በትንሹ ነጋድራስ ነው። የሕዝብ ገንዘብ በእጁ ገብቶ፣ ሌሊቱን ከእርሱ ዘንድ አድሮ ይወጣል። ደረሰኝ ሳይቈርጥ ያለፈ ሰው በማታ ጨዋታ ላይ ባለ ሥልጣን በላ ብሎ ሲያማ የሚሰማው ሰው ዝም የሚለው ምናልባት ከትሕትና ብቻ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ተቃውሞ ነው። ግብሩ ከዐቅም በላይ ሲተመን፣ በኬላና በቢሮ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ንጹሕ መዝገብ የያዘው ሰው ካልያዘው ይልቅ ይጐዳል ይላሉ ነጋዴዎች። ይህን አቤቱታ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። በነጋድራስ ገብረ ሕይወትም ዘመን ዕቃ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበት ነበር፤ እርሳቸውም ይህን አሠራር ነቅፈዋል። ነገር ግን የነቀፉት በቍጥር ነው። ያለ አግባብ የተተመነበትን ግብር በሕግ ፊት ሊያስቀንስ የሚችለው መዝገብ ያለው ሰው ነው፤ መዝገብ የሌለው ሰው የሚያቀርበው ልመና ነው። ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቋቋም የታሰበውም ነጋዴው በተናጠል ከሚለምን በአንድነት ቆሞ እንዲከራከር ነው። ለሚከራከር ማኅበር ደግሞ መዝገብ የያዙ አባላትና በመዝገብ የሚናገሩ መሪዎች ያስፈልጉታል።

ጥሩ ሒሳብ ያዥ ሁሉ ጥሩ መሪ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። የነጋዴ ጥበብ ለራስ ማትረፍ ነው፤ የመሪ ጥበብ ለሌላው ማትረፍ ነው። መንግሥትን እንደ ሱቅ ልምራ የሚል ሰው የማያተርፈውን ሰፈር እንደማያተርፍ ሸቀጥ ሊተወው ይችላል፤ ሰፈር ግን አይመለስም፣ በቅናሽም አይሸጥም። ርኅራኄ፣ ትዕግሥት፣ የተናገሩትን መፈጸም እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። ቀጠሮ ማክበርም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ መቶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ሁለት ሰዓት ያስጠበቀ ሹም የሁለት መቶ ሰዓት ሥራ ከሕዝብ ወስዷል፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ ግን አልተጻፈበትም።

ልማዱን ለመትከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ባለ ሱቁ ለራሱ የወር ደመወዝ ወስኖ ከዚያ በላይ ከመሳቢያው አለመንካት፤ የታክሱን ገንዘብ በሌላ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ፤ ማታ ከመዝጋቱ በፊት የዕለቱን ገቢና ወጪ በገዛ እጁ መጻፍ፤ በሳምንትም ጥቂት ሰዓት ለንባብ መስጠት በቂ መጀመሪያ ነው። የነጋድራሱ ሁለት መጻሕፍት በድጋሚ ታትመዋል፤ ረጃጅምም አይደሉም። ልጆች አባታቸው ማታ ማታ መዝገብ ሲጽፍ እያዩ ያድጋሉ፤ ከእነዚህም ልጆች አንዱ ወይም አንዲቱ አንድ ቀን የሕዝብ ሣጥን ቁልፍ ይሰጣቸው ይሆናል።

በዕድርና በሕንጻ ማኅበራት ዘንድ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊለወጥ የሚችል አንድ ትንሽ ነገር አለ። የገንዘብ ያዡ ሪፖርት ዘወትር የሚነበበው በመጨረሻ ነው፤ በዚያን ሰዓት ግማሹ ሰው ተነሥቶ ሄዷል፤ የቀረውም ጫማውን እያየ «ይጽደቅ» ይላል። ሒሳቡ በመጀመሪያ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ይነበብ፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።